መልስ፦ የእናቴን የሜዲኬር ካርድ ክሊኒኩ አልቀበልም አለ

እናትሽ የያዘችው የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግስት በዋናነት ለአዛውንቶች የሚሰጠው የጤና መድን) ካርድ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ (መንግስት ለያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ያለበት የድሮው ነው፣ እሱ ደግሞ ከ2020 ጃንዋሪ ጀምሮ አይሰራም። አዲሱ ከ2018 ኤፕሪል ጀምሮ አንድ አመት ያህል በፖስታ ሲላክ ነበር፣ እንዳልሽው ቤት ከቀየራችሁ የድሮው አድራሻ ሄዶ ነው የሚሆነው።

1. መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ መስሪያ ቤት ጋ አድራሻዋን አስቀይሩ፣ እሱን ሳታደርጉ ካርድ ብታዙ ተመልሶ እዛው አሮጌው ቤት ይሄዳል።

2. ከዛ አዲሱን ካርድ ለማዘዝ ሜዲኬር ጋ 1-800-633-4227 ደውሉ፣ እሷ አጠገብሽ ትሁን ምክንያቱም ያለሷ ፈቃድ አያናግሩሽም፣ እንግሊዝኛ ከከበዳት አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ።

ቀጠሮዋ ከደረሰ ካርዱን አትጠብቂ፣ የሐኪሙ ቢሮ በስሟ፣ በትውልድ ቀኗና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ አዲሱን የሜዲኬር ቁጥሯን ሲስተም ላይ ሊፈልግላት ይችላል። 11 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነው፣ ከሶሻሏ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ኦ የሚባለው ፊደል ስለሌለበት ክብ ካየሽ ዜሮ ነው።

በጣም የምለምንሽ ግን የድሮውን ካርድ ዝም ብለሽ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥይው፣ ቁጥሩ እስኪጠፋ ቆራርጪው። "ፕላስቲክ ካርድ ልንልክልሽ ነው ቁጥርሽን ንገሪን" ብሎ የሚደውል ካለም ሌባ ነው፣ ትክክለኛው ካርድ ወረቀት ነው፣ ለእናትሽ ደጋግመሽ ንገሪያት፣ የኛ እናቶች ሰው በትህትና ካናገራቸው ስልክ መዝጋት ነውር ይመስላቸዋል።