ዝንጀሮ ነክሶኝ የደም ዓይነቴ ተቀየረ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የቡሬ ልጅ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በቆሎ ስጠብቅ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ክንዴን ነክሶኝ አመለጠ። ቁስሉ ድኗል። ሰሞኑን ለምትወልድ ዘመዴ ደም ልሰጥ ስሄድ "ቢ ነህ" አሉኝ፤ ተማሪ እያለሁ ግን ኦ ነበር የተባልኩት። ጎረቤቶቼ "የዝንጀሮው ደም ገብቶብህ ነው" እያሉ ይስቁብኛል። ይሆናል እንዴ? ዝንጀሮስ እንደኛ የደም ዓይነት አለው?

መልስ፦ አይሆንም፤ ይሳቁ ተዋቸው። እኔን ያሳሰበኝ ያልጠየቅኸኝ ነገር ነው። ክትባት ወስደሃል? ስለሱ አንድም ቃል አልጻፍክም። ዝንጀሮም እንደ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቁስሉ መዳኑ ምንም ማለት አይደለም፤ ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ "ጊዜው አልፏል" ብለህ እንዳትቀር። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ የመንጋጋ ቆልፉንም አብረው ይዩልህ። ደም ለሚወስዱት ሰዎችም መነከስህን ንገራቸው፣ ለጊዜው ይቆይ ሊሉህ ይችላሉ። (ወደፊት የሚነከስ ሰው ካለ ቁስሉን እዚያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ቡና መነስነሱ ይቅር።)

አሁን ወደ ደሙ። ኤ እና ቢ የምንላቸው አንቲጂኖች ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፉ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ኤ ጫፉ ላይ አንድ ዓይነት ስኳር አለው፣ ቢ ሌላ፣ ኦ ሁለቱም የሉትም። ይህን የደም ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳወቀው ካርል ላንድስታይነር ነው። የትኛው ስኳር እንደሚለጠፍ የሚወስነው ከእናት ከአባትህ የወረስከው ዘረመል ነው፣ ሴሉን የሚሠራውም የራስህ መቅኔ። ሰው የደም ዓይነቱ በእርግጥ የሚቀየረው የሌላ ሰው መቅኔ ሲተከልለት ነው። በንክሻ አይደለም።

ዝንጀሮስ? አዎ፣ አለው፤ ያለበት ቦታ ግን ይገርማል። የደም ዓይነት ደም ላይ ብቻ አይደለም የሚገኘው። እኛም ዘንድ ኤ እና ቢ በደም ስር የውስጥ ግድግዳ፣ በአንጀት ሽፋን፣ በብዙዎቻችን ደግሞ በምራቅ ውስጥ አሉ። ቺምፓንዚ እንደኛ ቀይ ሴሉ ላይ ይይዛቸዋል፤ አብዛኛው ኤ ነው፣ ጥቂቱ ኦ። ዝንጀሮ ግን ቀይ ሴሉ ላይ አይታይበትም። በላብራቶሪ የደሙን ጠብታ ከፀረ ኤ እና ከፀረ ቢ (ኤን ወይም ቢን ለይተው ከሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት) ጋር ብትቀላቅለው አይጓጉልም፣ "ኦ ነው" ብለህ ትጽፋለህ። ተሸወድክ! ምራቁን፣ ኩላሊቱን ወይም የልቡን የደም ስሮች ብትመረምር ኤ ወይም ቢ ወይም ኤቢ ሆኖ ይወጣል። እውነተኛ ኦ የሆነ ዝንጀሮ እጅግ ብርቅ ነው።

ይህ የወሬ ማሟያ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎማ ሊንዳ ላይ ለአንዲት ጨቅላ የዝንጀሮ ልብ ተተክሎላት ነበር። ልጅቷ ኦ፣ ዝንጀሮው ኤቢ። 20 ቀን ገደማ ኖራ አረፈች። ኦ የሆነ ሰው ፀረ ኤ እና ፀረ ቢ በደሙ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው፣ እነሱ ደግሞ በአዲሱ ልብ የደም ስሮች ላይ ያንን ስኳር ሲያገኙ ጠላት መጣ ብለው ይዘምቱበታል። የዝንጀሮ አካል ለሰው እንተክላለን ያሉ ሐኪሞች ሁሉ የደሙን ጠብታ አይተው ብቻ ማመን የማይችሉት ለዚህ ነው።

ወደ አንተ ስንመለስ፣ የነከሰህ ዝንጀሮ ምራቅ ውስጥ ቢ ሊኖር ይችላል፣ አልክድም። እሱ ግን ስኳር ነው እንጂ ዘር አይደለም፤ መቅኔህን "ከዛሬ ጀምረህ ቢ ሥራ" ብሎ ሊያዝ አይችልም።

ታዲያ ሁለት ውጤት ከየት መጣ? ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው። ምናልባት ያኔ ጠብታው በደንብ አልተነበበም፣ ወይ የአንተና የጓደኛህ ናሙና ተቀያይሯል፣ ብዙ ተማሪ ባንድ ቀን ሲመረመር ያጋጥማል። አዲስ ናሙና ስጥና ቀይ ሴልህም ሴረምህም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) እንዲታይ ጠይቅ። ቢ ከሆንክ ሴረምህ ውስጥ ፀረ ኤ ብቻ ይገኛል፤ ኦ ከሆንክ ሁለቱም። ሴሉና ሴረሙ ካልተስማሙ ምርመራው ይደገም። የተረጋገጠው እጅህ ሲገባ የድሮውን ካርድ ቀደህ ጣለው።