ዜማው የት ገባ? ስለ «ቦዲ ኤንድ ሶል» የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ «ቦዲ ኤንድ ሶል» ጥቂት ብዬ ነበር። «ሥጋና ነፍስ» ማለት ነው፤ ዜማውን ጆኒ ግሪን በ1930 የደረሰው፣ የጃዝ ሙዚቀኞች እስከ ዛሬ ያልጠገቡት የፍቅር ዘፈን። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለጃዝ አዲስ ነኝ። ከየትኛው ቅጂ ልጀምር?

ከሚዘፈነው ይጀምሩ። ቢሊ ሆሊዴይ በ1940 የቀዳችውን ይያዙ። ድምፅዋ ትልቅ አይደለም፣ ለመጮህም አትሞክርም። ነገር ግን ቃሉን ከምቱ ትንሽ አዘግይታ ስትጥለው፣ የተጎዳ ሰው ነገሩን እያሰበ ሲያወራ ይመስላል። ሦስት አራት ጊዜ ከሰሟት ዜማው ጆሮዎ ውስጥ ይቀመጣል። በሳክስፎንና በፒያኖ የሚጫወቱት ምን እያደረጉ እንደሆነ የሚገባዎት ያኔ ነው። ዜማውን ሳያውቁ ወደ እነሱ መሄድ፣ ሰውየውን ሳያውቁ ወሬውን እንደ መስማት ነው።

ጥያቄ፦ ያመሰገኑትን የኮልማን ሆኪንስ ቅጂ ደጋግሜ አዳመጥኩት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ዜማውን አላገኘሁትም። ሌላ ዘፈን ከፍቼ ይሆን?

አልተሳሳቱም፣ ዘፈኑ እሱው ነው። ዜማውን ያላገኙት ሆኪንስ ስላልተጫወተው ነው።

ሆኪንስ ቴነር ሳክስፎንን በጃዝ ውስጥ ወግ ማዕረግ ያሳየ ሰው ነው። ከ1934 ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል አውሮፓ ቆይቶ ሲመለስ፣ በሌለበት ሌሎች ቴነር ተጫዋቾች ስም አትርፈው ጠበቁት። በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 11 ቀን 1939፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ለብሉበርድ ኩባንያ ይህን ዘፈን ቀዳ። አጭር የፒያኖ መግቢያ አለ፤ ከዚያ እሱ ይገባል፣ እስከ መጨረሻውም ቦታውን ለማንም አይለቅም። ሦስት ደቂቃ ገደማ፣ ዘፈኑን ሁለት ዙር ብቻ።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሐረጎች ልብ ብለው ቢሰሙ የዜማው ጥላ ይታይዎታል። ከዚያ ትቶት ይሄዳል። የያዘው ኮርዶቹን፣ ማለትም ዜማውን የሚያጅቡትን አብረው የሚሰሙ ድምፆች፣ ነው። እያንዳንዱን ኮርድ ወደ ነጠላ ድምፆች ይበትነዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ እየፈለገ አዲስ መስመር ይሠራል። ሲጀምር ዝቅ ብሎ፣ ትንፋሹ ከድምፁ ጋር እየወጣ፣ ጆሮዎ ሥር እንደሚያወራ ነው። በሁለተኛው ዙር ድምፁ እየጠነከረ፣ እየወጣ ይሄዳል። ሰው ደረጃ ሲወጣ እግሩን ቆጥሮ እንደሚያነሣ ሁሉ አንዲት ድምፅ እንኳ በዘፈቀደ አልተቀመጠችም፤ እንዲያም ሆኖ ይህ ሁሉ እዚያው የተፈጠረ ነው።

ሕዝቡም ገዛው። ዜማ የሌለበት የፍቅር ዘፈን ተወዳጅ ሸክላ ሆነ፤ በ2004ም የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው ቅጂዎች መዝገብ ገባ። ለምን ተወደደ ቢሉኝ፣ ዘፈኑ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ አድማጩ በቃሉ ያውቀዋል እላለሁ። ዜማው በሰሚው ራስ ውስጥ ይዘፈናል፤ ሆኪንስ ከጎኑ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦ ሸክላው ሲጀምር እርስዎ ዋናውን ዜማ በለሆሳስ ያንጎራጉሩ። ሁለታችሁ አብራችሁ ትጨርሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ጊታር እየተማርኩ ነው። መሐሉ ላይ ስደርስ ጣቴ ይጠፋብኛል። ዘፈኑ እዚያ ጋ ምን ይሆናል?

አይዞህ፣ ከአንተ በፊት ብዙ ጣት ጠፍቷል። ዘፈኑ 32 ሜዠር (እኩል የምት ክፍል) ነው፣ ስምንት ስምንት ሆኖ በአራት ይከፈላል። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ክፍል አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስተኛው፣ ድልድይ የምንለው፣ ነው ጉዱ። አብዛኛው ሰው ዘፈኑን የሚጫወተው በዲ ፍላት ነው፤ ድልድዩ ላይ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ዲ ሜጀር ይገባል። በወረቀት ሲታይ ጎረቤት ናቸው፣ በጆሮ ግን ሌላ አገር ነው። አራት ሜዠር እዚያ ቆይቶ ወደ ሲ ይወርዳል፤ ከዚያ ኮርዶቹ በግማሽ ድምፅ፣ በግማሽ ድምፅ ተንሸራተው ቤታቸው ይመልሱሃል። ድልድዩን ብቻውን ለይተህ፣ በጣም አዘግይተህ፣ መጀመሪያ የየኮርዱን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ባሱን፣ ብቻ ተጫወት። መንገዱን ባስ ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ተጣልተናል። እሱ ኮልትሬን ይበልጣል ይላል፣ እኔ ሆኪንስ። ያስታርቁን።

እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ ወንድምሽን ግን አታቃልይው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን በ1960 ሲቀዳው የዘፈኑን መሬት ራሱን ነው የቀየረው። ድልድዩ ላይ የራሱን ፈጣን የኮርድ አካሄድ አስገባበት። ማኮይ ታይነር ፒያኖው ላይ፣ ኤልቪን ጆንስ ከበሮው ላይ ሆነው፣ ልብ የሚያባባው ዘፈን ወደ ፊት የሚገፋ ነገር ሆነ። ሆኪንስ ቤቱን ሳይነካ ዕቃውን በሙሉ አዲስ አደረገ፤ ኮልትሬን ግድግዳውን አፈረሰ። እኔ ማታ ማታ የምከፍተው ሆኪንስን ነው።

ጠቡ ካልበረደ ግን ሁለታችሁም ተዉትና ዱክ ኤሊንግተንና ጂሚ ብላንተን በ1940 ለሁለት የተጫወቱትን ስሙ። ፒያኖና ባስ ብቻ። ብላንተን ባሱን በደጋን እየሳበ ያዘፍነዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ23 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ያን ቅጂ ስሰማ ባስ ከኋላ ቆሞ ምት የሚጠብቅ መሣሪያ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ኤሚ ዋይንሃውስ የዘፈነችውስ ከቁም ነገር ይቆጠራል?

እንዴታ! መጋቢት 2011 ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ከአንጋፋው ዘፋኝ ከቶኒ ቤኔት ጋር ቀዱት። እሱ 84 ዓመቱ፣ እሷ 27። ሐምሌ ላይ አረፈች፤ በስቱዲዮ የቀዳችው የመጨረሻ ዘፈንም ይኸው ሆነ። ይህን ባላውቅ እንኳ እወደው ነበር፤ እሱ እንዴት እንደሚጠብቃት ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ በመድረክ የተቀዱ ሸክላዎች ላይ የብርጭቆና የወሬ ድምፅ ይረብሸኛል። እርስዎ እንዴት ይችሉታል? ደግሞስ ጃዝ በአካል ሲሰሙ ከሸክላው ምን ይለያል?

እኔስ የምወደው ያን ድምፅ ነው። የፒያኖ ተጫዋቹ የቢል ኢቫንስ ትሪዮ፣ የሦስት ሰው ባንዱ፣ እሑድ ሰኔ 25 ቀን 1961 ኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው ምድር ቤት የተጫወተውን ያስቡ። ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱ ጨርሶ የሚያዳምጥ አይመስልም። የባሱ ተጫዋች ስኮት ላፋሮ ከዚያ 11 ቀን በኋላ፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበረ ማንም ይህን አያውቅም። ሁሉም መጠጡን አዝዞ ያወራ ነበር። ብርጭቆው ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ሰዎች ዞር ብለው ቢሰሙ እላለሁ።

ልዩነቱን ከጠየቁኝ አንድ ምሽት ልንገርዎ። ጠባብ ቤት ነበር፣ ከመድረኩ ሁለት እርምጃ ያህል ርቄ ተቀምጫለሁ። በዕድሜ የገፉ ሳክስፎን ተጫዋች ይህንኑ ዘፈን ጀመሩ። ትንፋሻቸው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ረጅሙን ሐረግ መሐሉ ላይ ቆርጠው አየር ይስባሉ። እኔ የሰማሁት ግን በየትኛውም ሸክላ አግኝቼው የማላውቀውን ነው፦ የሳክስፎኑ ቁልፎች ሲከደኑ ጠብ፣ ጠብ ሲሉ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ባሱ ዝም አለ። ከበሮ መቺው ብሩሹን ከቆዳው ላይ አነሣ። ሰውየው ብቻቸውን ስምንቱን ሜዠር ተሻገሩ፣ ኮርዱን የሚነግራቸው ማንም ሳይኖር። እኔ ግን ኮርዶቹን አንድ በአንድ ሰማኋቸው።

ሲጨርሱ ቤቱ ዝም አለ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያጨበጭብ የጠፋብን ይመስል። በመጨረሻ ከበሮ መቺው ብሩሾቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠና አጨበጨበ።