አፌ ዙሪያ የወጣው ነገር አልለቅ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሰፈሬ ሳቢያን ነው፣ ዕድሜዬ 26። ከጥቂት ወራት በፊት አገጬ ላይ ቀላ ያለ ነገር ወጣብኝና ጓደኛዬ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ከአንድ ሱቅ የገዛችውን ክሬም ሰጠችኝ። ወላሂ በሦስት ቀን ጥርግ አደረገው። ደስ ብሎኝ ተውኩት። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ፣ ያውም ብሶበት። ቀባሁ፣ ጠፋ። ተውኩ፣ መጣ። አሁን አፌን ዙሪያውን ከቦ ጥቃቅን ሽፍታ ሆኗል፤ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ስስቅ ያቃጥለኛል። ሎሚ ሞከርኩ። የጥርስ ሳሙና ሞከርኩ። አክስቴ ቀሲል በጥብጣ ለቀለቀችኝ፤ እናቴ ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ሰርግ ደርሶብኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አልድን ያለሽ የምትቀቢው ስላነሰ አይደለም። ስለበዛ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሎሚውን ዛሬውኑ ተይው። የተላጠ ቆዳ ላይ አሲድ ማፍሰስ ነው። በዚያ ላይ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ሊቃጠልና ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም። የጥርስ ሳሙናም የተሠራው ለጥርስ ነው። አረፋ የሚያወጣው ነገርና ሚንቱ ቆዳ ያስቆጣሉ። ቀሲሉን በተመለከተ ከአክስትሽ ጋር መጣላት አልፈልግም፣ ጤነኛ ፊት ላይ ምንም አይደል፤ ግን የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት በውሃ ሲመታ አረፋ የሚሠራ የተፈጥሮ ሳሙና ነው እኮ። የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ሳሙና አይፈልግም።

የእናትሽ ነገር ትንሽ ይለያል። ብዙ ሰው ምች የሚለው ከንፈር ዳር ላይ የሚወጣው ቁስል ቫይረስ ያመጣው ነው። መጀመሪያ ቦታውን ይነዝራል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ገደማ በራሱ ይድናል። ፀሐይና ትኩሳት ስለሚቀሰቅሱት እናቶቻችን ምችን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ያለነገር አይደለም። ያንቺ ግን ወራት ቆየ፣ ውሃም አልቋጠረም። ስለዚህ ምች አይመስልም።

አሁን መስታወት ያዢና ብርሃን ወዳለበት ውጪ። ከከንፈርሽ ጠርዝ ቀጥሎ ያለችውን ቀጭን ቦታ እያት። ሽፍታው አፍሽን ይከባል፣ ግን ከንፈርሽ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ቆሞ ንጹሕ ቀለበት ትቷል? ጥቃቅኖቹ በጣት ሲዳሰሱ ይሻክራሉ? በአፍንጫሽ ጎንና ጎንስ ወጣ ወጣ ብሏል? ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፣ ጠቆር ወይም ቡናማ ብሎ ነው የሚታየው። እንዲህ ከሆነ ሐኪሞች ፔሪኦራል ደርማታይተስ የሚሉት ነው፤ በአብዛኛው ከ15 እስከ 45 ዓመት ያሉ ሴቶች ላይ ይታያል። አይተላለፍም። ስለዚህ ፎጣሽን ለይተው ያስቀመጡብሽ ካሉ ይመልሱልሽ።

ዋናው ተጠርጣሪ ያ በሦስት ቀን ጥርግ ያደረገልሽ ክሬም ነው። ቱቦውን ገልብጪና በደቃቅ የተጻፈውን አንብቢ። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን ወይም ትራያምሲኖሎን የሚል ካገኘሽ ስቴሮይድ ነው፣ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፣ ለችፌ ሐኪም ሲያዝዘው ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ፊት ላይ ግን፣ ያውም ሳይታዘዝ፣ እሳቱን አመድ ያለብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ቆዳው ከመድኃኒቱ ጋር ይለማመዳል፣ ሲያጣው ይቆጣል፣ አንቺ ደንግጠሽ መልሰሽ ትቀቢያለሽ፣ በዚህ መሀል ቆዳሽ እየሳሳ ይሄዳል። ለማድያት ወይም ለማቅላት ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞችም ውስጥ ምንም ሳይጻፍበት ስቴሮይድ ይገኛል። ጽሑፉ የማይነበብ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ሻጩም «ምርጥ ነው» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የሌለ ክሬም ፊትሽ ላይ ምን ሊሠራ ነው? ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ፊት ይዞ መጥቶ «ያንኑ ክሬም ስጡኝ» የሚል ሰው ስንት እንደሆነ ብነግርሽ አታምኚኝም።

ታዲያ ምን ታድርጊ? አቁሚ። ክሬሙን፣ ፋውንዴሽኑን፣ ሽቶ ያለውን ሎሽን፣ የፀጉር ቅቤው ወደ ፊት የሚወርድ ከሆነ እሱንም። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠቢ፣ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂ፣ አትፈትጊው። የድሬ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የተጋገረው ነጭ ነገር ይነግርሻል፤ እንዲህ ያለ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲሆን ቆዳ ይበልጥ ያደርቃል፣ ስለዚህ ሳሙናው ለጊዜው አፍሽ አካባቢ አይድረስ። ድርቀቱ ካስቸገረሽ ሽታ የሌለው ቀለል ያለ ማለስለሻ በስሱ ይበቃል። ቫዝሊን እዚህ ላይ አልመክርሽም፣ ወፍራም ቅባት ይህን ዓይነቱን ሽፍታ ሊያብሰው ይችላል። ቀረፋ ወይም ኃይለኛ ሚንት ያለውን የጥርስ ሳሙና ቀለል ባለ ቀይሪ፣ ከቦረሽሽ በኋላም አፍሽን ዙሪያውን በደንብ ታጠቢ። መፋቂያም አለልሽ።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ። ክሬሙን ስታቆሚ መጀመሪያ ይብሳል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ «ይሄ ሰውዬ አበላሸኝ» ትያለሽ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። መልሰሽ ከቀባሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ክሬሙ በጣም ኃይለኛ ከነበረና ለረጅም ጊዜ ከተቀባሽው ሐኪም ደከም ወዳለ ስቴሮይድ አውርዶ ቀስ በቀስ ሊያስተውሽ ይችላል፣ እሱን ግን በራስሽ አትሞክሪው።

በማቆም ብቻ የሚድን አለ። ካልሆነ የሚቀባ ሜትሮኒዳዞል ወይም ኤሪትሮማይሲን ይታዘዝልሻል፤ ጠንከር ካለ ደግሞ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል፣ ስለዚህ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ። ሰርግ አለብኝ ያልሽው ያንቺ ይሁን የሌላ አልነገርሽንም፣ ያንቺ ከሆነ እንኳን ደስ አለሽ። ለአንድ ቀን ሜካፕ ተቀብተሽ ማታውኑ ብታጥቢው ሰማይ አይደፋም። ለፎቶ ብለሽ ወደዚያ ክሬም መመለስ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ፣ ሸንኮር። የስድስት ዓመት ልጄ አፉ ዙሪያ ቀለበት መስሎ ጠቁሮ ደርቋል። ማንጎ በጣም ይወዳል። ጎረቤቶቼ ቪታሚን አንሶት ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከቪታሚኑ በፊት ልጁን ዝም ብለሽ ተመልከችው፣ ቴሌቪዥን ሲያይ። ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ይልሳል? ምላሱ የሚደርስበት ልክ ድረስ ከጠቆረ መልሱ እሱ ነው። ምራቅ ሲደርቅ እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል፤ ምግብ ለመፍጨት የተሠራ ስለሆነም ቆዳውን ያስቆጣል። ይደርቅበታል፣ ይልሳል፣ ይልስና ይደርቅበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ብርድ ይብሳል። «አትላስ!» ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም፣ እንዲያውም ትዝ ታሰኝዋለሽ። ውሃ አጠገቡ አኑሪለት። ለእሱ ቫዝሊን ጥሩ ነው፣ ሽታና ቀለም የሌለውን፤ ከምግብ በፊት፣ አፉን ካጠብሽው በኋላ፣ ከሁሉም በላይ ማታ ሲተኛ ወፈር አድርገሽ።

ማንጎውስ? አዎ፣ ሊሆን ይችላል። የማንጎ ልጣጭና እንጨቱ ጋ ያለው ፈሳሽ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል፣ ልጆች ደግሞ ማንጎ በጥርሳቸው እየላጡ፣ ጭማቂው እስከ አገጫቸው እየወረደ ነው የሚበሉት። አትከልክይው። ልጠሽ፣ ቆራርጠሽ በሹካ ስጪውና አፉን ወዲያው እጠቢለት። እንዲህ አድርገሽ እየተሻለው ከሄደ ማንጎው ሳይሆን አይቀርም።

ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እሱ ባክቴሪያ ነው፣ ወደ ሌሎቹ ልጆችም ይሄዳል፣ ፎጣም ለየብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ 67 ዓመቴ ነው፣ ጀጎል ነኝ። አንቱ እንዳትለኝ፣ እኛ እዚህ አንቱታ አንወድም አቦ። የአፌ ሁለት ጥግ ተሰንጥቆ አፌን መክፈት አቃተኝ። በርበሬማ አይነሳ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አለኝ። ከሰዓት ትንሽ ጫት አለች፣ አልዋሽህም፣ ልጄ ወቅጣ ታመጣልኛለች። ማር ቀባሁ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ ይሻለኛል ደግሞ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ ጋሼ፣ አንተ በለኝ ካልክ እሺ። ያንተ ከላይ ካሉት ከሁለቱም ይለያል። የአፍ ጥግ ብቻ ሲሰነጠቅ ብዙውን ጊዜ እዚያ ምራቅ ተጠራቅሞ፣ ቆዳው ርሶ ርሶ ፈንገስ ስለገባበት ነው። ጥርሱ ከቆየና ካለቀ አፍህ ሲዘጋ ከሚገባው በላይ ይጠልቃል፣ ጥጉ ይታጠፋል፣ ምራቁም እጥፋቱ ውስጥ ይቀመጣል። ጫቷ ደግሞ አፍ ታደርቃለች፣ ከንፈር ታስልሳለች፣ ስኳር ያለው ሻይና ለስላሳም አብሮ አይቀርም። ተው አልልህም፣ ብትቀንስ ግን ጥጉ ያመሰግንሃል።

ማርና ቅቤ ለጊዜው ያለሰልሳሉ፣ ፈንገሱን ግን አያጠፉም። ከፋርማሲ ክሎትሪማዞል ወይም ሚኮናዞል ክሬም ጠይቅ፣ ሚኮናዞሉን ግን እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አትንካው። በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ተሻለኝ ብለህ በሦስተኛው ቀን ሳታቆም። ማታ ጥርሱን አውልቅ። በብሩሽ እጠበውና ውሃ ውስጥ አሳድረው፤ ፈንገሱ ጥርሱም ላይ ስለሚኖር ጥጉን ብቻ ብታክም ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳታልፍ፦ ስኳርህን ተለካ። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይሄ ነገር ይደጋገማል። ደም ማነስና ቪታሚን ቢ12 ማነስም ያመጡታል፣ በምርመራ ይታወቃል። ምግቡን ስትበላ አብረህ ሻይ የምትጠጣ ከሆነ ደም ለመሥራት ከሚያስፈልግህ አይረን ብዙውን ሻዩ ይከለክልሃል፣ ቆይቶ ይሁን። በሁለት ሳምንት ካልተሻለህ፣ ወይም ከንፈርህ ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ሌላ ቁስል ካለ ሐኪም ጋ ሂድ። ስትሄድ ጥርሱን ኪስህ ውስጥ ከተህ እንዳትሄድ። አፍህ ውስጥ አድርገኸው ግባ፣ ሐኪሙ አፍህ ሲዘጋ ጥጉ እንዴት እንደሚታጠፍ ማየት አለበት።