ልጄን በአውሮፕላን ልላከው ወይስ ከጓደኞቹ ጋር በአውቶቡስ?

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ነው፣ እዚሁ ድሬዳዋ በግል ትምህርት ቤት ይማራል። ተመስገን፣ ምንም አልጎደለበትም፤ ሹፌር ያደርሰዋል፣ አስጠኚ ቤት ድረስ ይመጣለታል፣ አልጋውን እንኳን አንጥፎ አያውቅም። አሁን አዲስ አበባ ለሚደረግ የጥያቄና መልስ ውድድር ከቡድኑ ጋር ተመርጧል። በአውቶቡስ ሄደው፣ በተቀባዩ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ያድራሉ ተባልን። አባቱ «ልጄ መሬት ላይ አይተኛም፤ በአውሮፕላን ሄዶ አክስቱ ጋ ይረፍ፣ ለውድድሩ ሰዓት ይቀላቀላቸው» አለ። መምህሩ ደግሞ «ይልመደው፣ ይጠነክራል» ይላል። ባለፈው ውድድር ሲሸነፉ ለቀናት ከክፍሉ አልወጣም ነበርና እኔ ፈርቻለሁ። ምን ይሻላል?
እናት፣ ከከዚራ

መልስ፦ በድሬ ልማዳችን «አንቺ» ልበልሽ፣ ቅር እንዳይልሽ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ይሂድ። ግን መምህሩ ባለው ምክንያት አይደለም።

ችግር በራሱ ሰው አያጠነክርም። ኤሚ ወርነር የምትባል ተመራማሪ በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ የተወለዱ 698 ልጆችን ለአስርት ዓመታት ተከታትላለች። ድህነት፣ የወላጅ ሕመምና የቤት ጭቅጭቅ ከተደራረበባቸው መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጎበዝ፣ ሰው የሚተማመንባቸው ሆነው አደጉ። ምን ነበራቸው? አንደኛ፣ ከጎናቸው የማይጠፋ ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው፤ አያት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ወይም አስተማሪ። ሌላው ደግሞ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ የሚጠበቅባቸው እውነተኛ ሥራ ነበራቸው፣ ታናናሾቻቸውን መያዝን የመሰለ፣ እነሱ ካልሠሩት የሚጎድል ነገር።

ያንቺ ልጅ ትልቅ ሰው አልጎደለውም። የጎደለው እሱን የሚፈልግ ሰው ነው። እቤት ውስጥ እሱ ባይኖር የሚቆም ሥራ የለም። ስለዚህ መምህሩን «ልጄን አጠንክርልኝ» አትበይው፤ «ሥራ ስጥልኝ» በይው። የቡድኑን ውኃ ይያዝ፣ የመድኃኒቱን ቦርሳ ይያዝ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ተሳፋሪ ይቁጠር። ቢረሳ ሌሎቹ የሚቸገሩበት ነገር ይሁን እንጂ ለይስሙላ አይሁን።

የአባቱ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ቡድን የሚሠራው መንገድ ላይ ነው። የደንገጎን ዳገት ሲወጡ አንዱ ያቅለሸልሸዋል፣ ሌላው ፌስታል ያቀብለዋል። ቁልቢ ላይ ይበርዳቸዋል፣ ሚኤሶ ላይ ሙቀቱ ይገርፋቸዋል፣ ጎማ ቢፈነዳ እዚያው ቆመው ያንኑ ሳምቡሳ እየተካፈሉ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቢሸነፉ አብረው ይናደዳሉ፣ አብረው ይሳሳቃሉ፣ ሲመለሱም «ያቺን ጥያቄ እኮ አውቃት ነበር!» እየተባባሉ ጭሮ ይደርሳሉ። በአውሮፕላን የሄደው ልጅ ሽንፈቱን ይዞ አክስቱ ቤት ብቻውን ይገባል። አንቺ የፈራሽው ደግሞ ይሄንኑ ነው።

ለቀናት ክፍሉን ዘግቶ መቀመጡ ግን አሳስቦኛል። ሱኒያ ሉታር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ የሀብታም ሰፈር ወጣቶችን ከድሃ ሰፈር ወጣቶች ጋር ስታነጻጽር፣ ጭንቀትም ሲጋራና አደንዛዥ ዕፅ መጠቀምም በሀብታሞቹ ልጆች ላይ በዝቶ አገኘችው። በኋላ ባደረገቻቸው ጥናቶች ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ፦ «አንደኛ ካልወጣህ» የሚል ጫና፣ እና ከወላጅ ጋር መራራቅ። ሁሉ ነገር የተሟላለት ልጅ ውለታውን የሚከፍለው በማሸነፍ ብቻ ይመስለዋል። እናም አዲስ አበባ ሆኖ ስትደውሉለት «ስንተኛ ወጣችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እራት ምን በላችሁ፣ አጠገብህ ማን ተኛ፣ ብርዱ እንዴት ነው በሉት። ውጤቱን ሲፈልግ ራሱ ይነግራችኋል። ከተሸነፉ ደግሞ አባቱ ለዳኞች ስልክ እንዳይመታ አደራ!

አንድ ነገር ግን አደባልቀን እንዳናይ። ምቾት ማጣት ሌላ፣ አደጋ ሌላ። ፍራሽ ላይ መተኛት ምንም አያደርገውም። በሌሊት መንዳት፣ የደከመ ሹፌር፣ ሰላሙ ያልተጣራ መንገድ ግን ለማንም ልጅ ትምህርት አይሆንም። ሁለተኛ ሹፌር አለ ወይ? ከመሸ የት ያድራሉ? ከተማሪዎቹ ጋር የሚያድረው የትኛው መምህር ነው? የመንገዱን ሁኔታ በመነሻው ዕለት ማን ያጣራል? ይሄን ትምህርት ቤቱን በግልጽ ጠይቁ፣ መልሱ ካላጠገባችሁ ጉዞው በባቡር ይሁን ብላችሁ ከሌሎች ወላጆች ጋር ተከራከሩ። የባቡሩ ጣቢያ እንደ ድሮው ከዚራ መሃል ሳይሆን ከከተማ ውጭ ስለሆነ በጊዜ መነሳት ይኖርባቸዋል። ዋናው ነገር፣ ለአንዱ የሚያሰጋ መንገድ ለሁሉም ያሰጋል፤ ያንቺን ልጅ ብቻ ነጥሎ ማውጣት መፍትሔ አይደለም።

ሻንጣውን ራሱ ያዘጋጅ፣ አንቺ አትንኪው። ጃኬትና ወፍራም ብርድ ልብስ ግን እንዳይረሳ ንገሪው፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ካልሲ ማጠብና አልጋ ማንጠፍ ደግሞ ከዚህ ሳምንት ይጀምር፣ ጓደኞቹ ፊት እንዳይሳቀቅ።

አቦ፣ ይሄን ደግሞ ከልቤ ነው የምልሽ፦ «ያልሞላላቸው ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ ተማር» ብለሽ አትላኪው። ቡድኑ ውስጥ በነፃ የትምህርት ዕድል የሚማሩ ልጆች ካሉ፣ እነሱም እንደሱ ሊወዳደሩ እንጂ ለእሱ ማስተማሪያ ሊሆኑ አይደለም የሚሄዱት።

አባቱ ለአውሮፕላን ቲኬት ያሰበውን ገንዘብ ማውጣቱ ካልቀረ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ፤ ለጉዞው መዋጮ ላጠራቸው ልጆች ይሁን፣ የሰጪው ስም ግን አይነሳ። ልጃችሁም ባያውቅ ይመረጣል።