ቀንዳሙ አባጨጓሬ፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ጓሯችን ካለው ወይራ ላይ አንድ አባጨጓሬ አገኘን። ከአውራ ጣት ይወፍራል። ቢጫ ነው፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ሰያፍ መስመር አለው። ከኋላው ደግሞ ቀንድ! ልጆቹ እባብ ነው ብለው ሸሹ። ይናደፋል?

መልስ፦ ዛፉን ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ፤ ግማሹ መልስ እሱ ነው። መስመሮቹን ቁጠር፤ በየጎኑ 7 ናቸው። ቀንዱንም ጠጋ ብለህ እየው። ሸካራ ከሆነና ጫፉ ከተቆለመመ አኬሮንቲያ አትሮፖስ የሚባል የእሳት ራት ትል ነው። ሲያድግ እስከ 13 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ድንች፣ ቲማቲምና ትምባሆም ይበላል። ቀንዱ አይናደፍም፤ መርዝም የለው። አትግደሉት፤ መድኃኒትም አትርጩ። ወይራ በአንድ ትል አይሞትም።

መልኩ ጠቁሮ ከዛፉ ወርዶ ቢንከራተት አትደንግጡ። አፈር ውስጥ ገብቶ ቡናማ ሽፋን ሊለብስ ነው። ከዚያ የሚወጣው የእሳት ራት ጀርባው ላይ የራስ ቅል የመሰለ ምልክት አለው። ሲነኩት ሲጢጥ ይላል። እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ግን ሌብነቱ ነው። ሌሊት ቀፎ ገብቶ ማር ይጠጣል። ምላሱ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ማሩ የተከደነበትን ሰም በስቶ ይመጠዋል። ጠረኑ የንብ ጠረን ስለሚመስል ንቦቹ ቶሎ አይነቁበትም።

ዳንግላ፦ የማር ሌባ ከሆነማ ለምን ይማራል? እኔ ካገኘሁት እጨፈልቀዋለሁ።

ቡሬ፦ ዘመናዊ ቀፎ ግዛና ተገላገል።

ዳንግላ፦ የአባቴ ቀፎ ምን ጎደለው? የዘመናዊውን ዋጋ አይተኸዋል?

ቡሬ፦ ምርቱንስ አይተኸዋል?

መልስ፦ የቀፎውን ክርክር ሌላ ቀን አድርጉት። የትኛውም ቀፎ ቢሆን በሩን አጥብቡት። ንብ ያልፋል፤ የእሳት ራቱ ግን ወፍራም ስለሆነ አያልፍም። ለዚህ ብሎ ትል መጨፍለቅ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ እኔም አረንጓዴ ትል አገኘሁ። ስሙን ንገሩኝ።

መልስ፦ ምን ላይ? ዛፉን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ዘጌ ነኝ። ቡና ላይ ነው። ቀንድ አለው።

መልስ፦ እንዲህ በል እንጂ! ሴፎኖደስ ሃይላስ የሚባል የሌላ እሳት ራት ትል ሳይሆን አይቀርም፤ ቡና ይወዳል። የእሳት ራቱን ብታየው ትወደዋለህ። ክንፉ ወዲያ ማዶ ያሳያል። በጠራራ ፀሐይ ይበራል፤ አበባ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ቆሞ ይቀስማል። ትሉ ከበዛ በእጅ ልቀሙት። አትርጩ! የምትረጩት ንቡንም ይፈጃል።

ፍኖተ ሰላም፦ ጠጉራሙስ? ነክቼው አሳከከኝ።

መልስ፦ እሱ ሌላ ነው። ቀንዳሙ ጠጉር የለውም። በሳሙና ታጠብ፤ ካበጠ ጤና ጣቢያ ሂድ።

እንጅባራ፦ ቀንዱ ግን ይናደፋል?

መልስ፦ አይናደፍም! ከላይ አንብቡ።

ሞጣ፦ ጋሼ፣ የኔው ትል ጀርባ ላይ ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች ተለጥፈውበታል። እንቁላሉ ነው?

መልስ፦ አስተዋይ ነሽ። እንቁላል አይደለም። ጥቃቅን ተርቦች ትሉ ውስጥ አድገው፣ ቆዳውን በስተው ወጥተው የፈተሉት ሽፋን ነው። ትሉ ከእንግዲህ አይተርፍም። እንዳለ ተዪው፤ ተርቦቹ ከሽፋኑ ሲወጡ ሌላ ትል ይፈልጋሉ። ያለ መድኃኒት የሚሠሩልሽ እነሱ ናቸው። ዛፉን ግን አልነገርሽኝም።