ባለቤቴ ኑዛዜ ሳይተው አረፈ፤ ምን ይደርሰኛል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያረፈው ከአምስት ወር በፊት ነው። በ1999 ዓ.ም. ተጋብተን የ12 ዓመት ልጅ አለችን፤ ከቀድሞ ትዳሩም ሁለት ትልልቅ ልጆች አሉት። አዲስ አበባ ያለውን ቤት በ2003 ብንገዛውም ካርታው በስሙ ብቻ ነው። ልጆቹ «ሚስት አትወርስም፣ ቤቱን ልቀቂ» ይሉኛል። ሥራ የለኝም፣ ጤናዬም ታውኳል። ከውርሱ መተዳደሪያ እንዲቆረጥልኝ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ የክሱን ቅደም ተከተል ግን ያስተካክሉ። ልጆቹ ግማሹን እውነት ተናግረዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት በኑዛዜ ካልተጠራች ወራሽ አይደለችም፤ ቁጥር 842 ውርሱን ለልጆች በእኩል ይሰጣል። የዘለሉት ግን ዋናውን ነው፦ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የሟች ሀብት አይደለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 63 መሠረት ካርታው በአንደኛው ስም ቢሆንም ንብረቱ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። «የግሉ ነበር» የሚል ወገን ነው ማስረዳት ያለበት፤ ለምሳሌ በውርስ ወይም በስጦታ ማግኘቱን።

ስሌቱን እንየው። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢገመትና 1.2 ሚሊዮን የጋራ የባንክ ዕዳ ቢኖርበት፣ የሚቀረው 4.8 ሚሊዮን ነው። 2.4 ሚሊዮኑ የእርስዎ ስለሆነ ውርስ ውስጥ አይገባም። ሌላው 2.4 ሚሊዮን ለሦስቱ ልጆች ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 800 ሺህ ይደርሳል። የልጅዎን ድርሻ በሞግዚትነት ያስተዳድራሉ፤ ቤቱን ለመሸጥ ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።

መተዳደሪያው ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ሕጉ ችግረኛ የሆነና ሠርቶ ማደር የማይችል የትዳር ጓደኛ ከውርሱ ቀለብ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1014 መሠረት መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ ቀለብ አራተኛ ነው፣ በኑዛዜ ከተሰጠ ስጦታ ግን ይቀድማል። ስለዚህ የሐኪም ማስረጃና ገቢ እንደሌለዎት የሚያሳይ የወረዳ ደብዳቤ ይያዙ። ግማሽ ቤት የደረሳት ሚስት «ችግረኛ አይደለችም» መባሏ አይቀርምና፣ ቤቱ ገቢ የማያስገኝ መኖሪያ መሆኑን በአቤቱታው ላይ በግልጽ ያስፍሩ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው «ሚስትነቴና ወራሽነቴ ይረጋገጥልኝ» ብለው ሲያመለክቱ ነው። የወራሽነት ማስረጃ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996) በልጅዎ ስም ያውጡ፤ ለራስዎ የሚጠይቁት የሚስትነት ማረጋገጫ ብቻ ይሁን። የሟችን ልጆች አንዱንም አይዝለሉ፤ የተዘለለው በመቃወሚያ መጥቶ ነገሩን ከሥር ያስጀምረዋል። የቀድሞ ትዳሩን የፍቺ ውሳኔ ግልባጭም ያስወጡ፤ ያለዚያ የፊተኛዋ ሚስት «ትዳሬ አልፈረሰም» ብላ ልትመጣ ትችላለች።

ለቤቱ ዋናው ማስረጃ የሽያጭ ውሉ ቀን ነው። ካርታ ከግዢው ዓመታት ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ከሞት በኋላ ይወጣል። ክሱን ሲያስገቡ አብረው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 እግድ ይጠይቁ፣ ቤቱ ሳይሸጥ። ባንኮች የሟችን ሒሳብ እንዲገልጹም ትእዛዝ ያስጽፉ። በኤቲኤም ካርዱ ከሞተ በኋላ ያወጡት ገንዘብ ካለ በድርሻዎ ላይ ይቆጠርብዎታልና ደረሰኝ ይያዙ።

ፍርድ ቤቱ የውርስ አጣሪ (የሟችን ሀብትና ዕዳ ለይቶ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው) ከሾመ ሪፖርቱን መስመር በመስመር ያንብቡ። የእርስዎ ግማሽ በ«ውርስ ሀብት» ሥር ተጽፎ ካገኙ ሪፖርቱ ሳይጸድቅ በጽሑፍ ይቃወሙ። ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነና አንዱ ወገን የሌላውን ድርሻ ካልገዛ ወደ ሐራጅ ይሄዳል። የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት በቃለ መሐላ አስደግፈው በነፃ ለመክሰስ ያመልክቱ።

ባለቤትዎ የጡረታ መዋጮ ይከፍል ከነበረና መብቱን ካሟላ፣ የሚስት አበል የሟች አበል 50 በመቶ ነው፤ አበሉ ከውርስ ውጭ ስለሆነ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 828) ልጆቹ አይካፈሉዎትም።

ጥያቄ፦ እኛ ለ9 ዓመት በአዲስ አበባ አብረን ብንኖርም የጋብቻ ሰርተፍኬት የለንም። ክሱ አለቀለት?

መልስ፦ አላለቀም። ዘመድና ጎረቤት ባልና ሚስት አድርጎ ያውቃችሁ እንደነበር በምስክር ካስረዱ ፍርድ ቤቱ ጋብቻ መኖሩን ሊቀበል ይችላል። ይህ ባይሳካ እንኳ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 102 መሠረት ጋብቻ ሳይፈጽሙ ቢያንስ 3 ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። በአቤቱታዎ ሁለቱንም በአማራጭ ያቅርቡ። ክልል ለሚኖሩ አንባቢያን፦ የየክልሉ የቤተሰብ ሕግ የተለየ ስለሆነ የአንቀጹን ቁጥር ከዚያ ያመሳክሩ።