መልስ፦ ኢሜይላቸውን ለሚሰጡኝ ሰዎች ስልክ በዕጣ ላውጣ ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ሆነው በኢንተርኔት ለሚሸጡት በርበሬና ሽሮ ደንበኛ ለማሰባሰብ፣ ኢሜይላቸውን ለሚያስመዘግቡ ሰዎች ስልክ በዕጣ ማውጣት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አልመክርም፤ ስልክ የማይፈልግ ሰው ስለሌለ፣ ከሚመዘገበው አብዛኛው በርበሬ ጨርሶ የማይገዛዎት ይሆናል። ከዚያ ይልቅ የእርስዎን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ብቻ የሚጓጓለትን ነገር፣ ለምሳሌ ለአንድ ድስት ወጥ የሚበቃ የበርበሬ ናሙና፣ በነጻ ቢልኩ ዝርዝሩ አጭር ቢሆንም ገዢ ይገኝበታል። ናሙናው በደረሰ በሳምንቱ ገደማ «ወጡ እንዴት ሆነልዎ?» ብለው ይጻፉላቸው፤ መልስ የሚጽፍልዎትን ሰው አጥብቀው ይያዙት።

ዕጣው የግድ ነው ካሉ ግን ግዢን ቅድመ ሁኔታ አያድርጉት፤ በአሜሪካ ሕግ ገንዘብ አስከፍሎ ዕጣ ማውጣት እንደ ሎተሪ ስለሚቆጠር ለግል ነጋዴ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ካን-ስፓም የተባለው የፌዴራል ሕግም እያንዳንዱ የንግድ ኢሜይል የፖስታ አድራሻዎንና ከዝርዝሩ መውጫ መንገድ እንዲይዝ፣ ልውጣ ያለ ሰውም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰረዝ ያዝዛል። የተገዛ የኢሜይል ዝርዝር እባክዎ አይንኩ፤ ያልጠየቁ ሰዎች መልእክትዎን አይፈለጌ ብለው ሲያመለክቱ፣ ለነባር ደንበኞችዎ የሚልኩትም ጭምር ወደ አይፈለጌ ሳጥን መግባት ይጀምራል።